ድንኳኑን ቀዶ የሚሄድ የለም፦ ሠራተኞች የሚያስተዳድሩት ድርጅት እንዴት ይቆማል?

ከካፒታሊዝም ሌላ መንገድ አለ ወይ? ጥያቄው በጣም ሰፊ ነው፤ እንደ ሰፋ ከተውነው አንድም የሚጨበጥ ነገር ሳንይዝ እንለያያለን። ስለዚህ በአንዲት ጠባብ በር እንግባ። ሃያ ሰዎች የሚሠሩበት የእንጨት ሥራ ቤት አለ እንበል። አዲስ መሰንጠቂያ ማሽን ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለውን ማን ይወስናል? ሥራ አስኪያጁን ማን ይሾማል፣ ማንስ ያነሳዋል? በዓመቱ መጨረሻ የተረፈው ገንዘብ የማን ነው? የዛሬው ንግግር በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ነው፤ ይበልጡን በሦስተኛው ላይ።

በአክሲዮን ማኅበር መልሱ አጭር ነው። ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ቆሞ የሚውለው ሰው አክሲዮን ከሌለው ድምፅ የለውም። እዚያ ገንዘብ ሠራተኛን ይቀጥራል። ሠራተኞች በሚያስተዳድሩት ድርጅት ግን ሠራተኛው ነው ገንዘብን የሚቀጥረው። ለተጠቀመበት ወለድ ይከፍለዋል፤ የስብሰባ ወንበር ግን አይሰጠውም። እያንዳንዱ አባል ያዋጣው ገንዘብ ቢበዛም ቢያንስም አንድ ድምፅ ብቻ አለው።

ይህ ነገር እኛ አገር ሲነሳ የብዙ ሰው ፊት ይጠቁራል፤ ምክንያትም አለው። ጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ወረሰ። ፋብሪካው «የሕዝብ» ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁን ግን የሚሾመው ሚኒስቴሩ ነበር፣ ትርፉም ወደ ማዕከል ይሄድ ነበር። ለሠራተኛው የተቀየረለት አለቃው ብቻ ነው። በገጠር ደግሞ የአምራቾች ማኅበራት መጡ። መጀመሪያ መልባ የሚባለው ደረጃ ነበር፤ መሬቱ የጋራ ሲሆን በሬውና ሞፈሩ በገበሬው እጅ ይቆይ ነበር። ቀጥሎ ወልባ መጣ፣ በሬውም ወደ ጋራ ገባ። ከዚያ በላይ ደግሞ ወላንድ ታቅዶ ነበር። ምን እንደሚዘራ መመሪያ ከላይ ይወርዳል፤ እህሉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ በኮታ ይወስዳል። መጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ፣ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ በሬውንም መሬቱንም ተከፋፍለው ፈረሱ።

ገበሬው አብሮ መሥራት ስለማይወድ አይደለም የፈረሱት። ደቦና ወንፈል ከዚያ በፊት ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። በእነዚያ ማኅበራት ውስጥ ግን አባሉ የሚወስነው ነገር አልነበረውም፤ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚያነበው የሒሳብ ገጽም አልነበረውም። እዚህ ላይ ቆም እንበል። የመንግሥት ባለቤትነት አንድ ነገር ነው፣ የሠራተኛ አስተዳደር ሌላ። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ሃምሳ ዓመት ሙሉ ውይይታችንን አበላሽቶታል።

አሁን ወደ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ። በሰሜን ስፔን፣ በባስክ አገር፣ በተራሮች መካከል ሞንድራጎን የምትባል ትንሽ የፋብሪካ ከተማ አለች። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1941፣ ሆሴ ማሪያ አሪዝሜንዲያሪየታ የሚባል ወጣት ቄስ ተመደበላት። ቄሱ በ1943 በ20 ተማሪዎች አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት አምስቱ፣ መጀመሪያ የተቀጠሩበት ድርጅት ሠራተኛውን ባለድርሻ እንዲያደርግ ጠየቁ፤ እምቢ ተባሉ። ለቀው ወጡ፤ ከከተማው ሰው ገንዘብ ተበድረው በ1956 በነጭ ጋዝ የሚነድ ምድጃ መሥራት ጀመሩ። ድርጅቱን ከስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኡልጎር አሉት፤ በኋላ ፋጎር በሚለው የምርት ስም ታወቀ። ዛሬ በሞንድራጎን ጥላ ሥር 80 ያህል የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች አሉ።

ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ቄሱ ነው። ለእኔ ግን የሥራው ልብ ያለው በሒሳብ አያያዙ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እሱን በዝግታ እንመልከት።

አንድ ሰው አባል ሲሆን የመግቢያ መዋጮ ይከፍላል። በዛሬው ዋጋ 15 ሺህ ዩሮ አካባቢ ነው፤ በአንድ ጊዜ የመክፈል አቅም ለሌለው ከወር ገቢው እየተቆረጠ በጊዜ ብዛት ይከፈላል። በስሙ አንድ የአባል ሒሳብ ይከፈትለታል። ይህ ሒሳብ እንደ አክሲዮን አይሸጥም፣ ገበያ ላይም ዋጋው አይወጣም። ወለድ ይታሰብበታል፤ በየዓመቱ ከትርፉ የሚደርሰው ድርሻም እዚያው ይጨመራል። አባሉ ገንዘቡን በእጁ የሚያገኘው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲለቅ ነው። እስከዚያ ድርጅቱ ይሠራበታል።

ከአባል ሒሳቡ ጎን የማይከፋፈል መጠባበቂያ የሚባል ሌላ ገንዳ አለ። እሱ የማንም ግለሰብ አይደለም። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ አባላት አይካፈሉትም።

ለእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት ዕቁብና ዕድር ይበቃሉ። ዕቁብ ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ጸባዩ ነው፣ ነውር የለውም። ዕድር ግን ሌላ ነው። ዛሬ የገባ ሰው ከእሱ በፊት የነበሩ ያዋጡበትን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አግኝቶ ይጠቀማል። ሲወጣ ግን ድንኳኑን ቀዶ አይወስድም። የአባል ሒሳብ የግል ቁጠባ ነው፤ የማይከፋፈለው መጠባበቂያ ደግሞ ድንኳኑ ነው። እኛ አገር «በማኅበር ተደራጅታችሁ» ተብለው የተቋቋሙ ብዙ የወጣት ማኅበራት የሚፈርሱት፣ ድርጅቱን እንደ ዕቁብ አስበው ስለሚጀምሩት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ክፍያ ሲገባ፣ በተለይ በዓል ሲቃረብ፣ ገንዘቡ ይከፋፈላል። ከሁለት ወር በኋላ ብረት ወይም ጣውላ መግዣ ይጠፋል።

በቁጥር እንየው። ያ ሃያ ሰዎች ያሉት የእንጨት ሥራ ቤት ዓመቱን ጨርሶ፣ ሁሉም ወርኃዊ ክፍያውን ከወሰደ፣ ግብርም ከተከፈለ በኋላ 1,000,000 ብር ተረፈው እንበል። በሞንድራጎን በተለመደው አከፋፈል 10 በመቶው፣ 100,000 ብር፣ ለትምህርትና ለአካባቢው ይሄዳል። 45 በመቶው፣ 450,000 ብር፣ ወደ መጠባበቂያው ይገባል። የቀረው 450,000 ወደ አባላት ሒሳብ ነው። አሥራ አራቱ ሠራተኞች የክፍያ ደረጃቸው 1 ነው እንበል፤ አራቱ ባለሙያዎች 1.5፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ሥራ አስኪያጁ 2። ነጥቦቹን ስንደምር 14 እና 6 እና 4፣ በጠቅላላው 24 ነጥብ ይሆናል። 450,000 ለ24 ሲካፈል አንድ ነጥብ 18,750 ብር ነው። ስለዚህ በደረጃ 1 ላለ አናጢ 18,750፣ ለባለሙያው 28,125፣ ለሥራ አስኪያጁ 37,500 ብር በየሒሳባቸው ይመዘገባል። ልብ በሉ፤ ጥሬ ገንዘብ ከካዝና አይወጣም። መዝገብ ላይ ስም ይቀየራል እንጂ ገንዘቡ ማሽን ሆኖ ወይም ጣውላ ሆኖ እዚያው ይቆያል።

ኪሳራ ሲመጣም መንገዱ ይኸው ነው። ከፊሉ ከመጠባበቂያው፣ ከፊሉ በዚያው ነጥብ ከእያንዳንዱ አባል ሒሳብ ይቀነሳል። «ኪሳራው ከእኔም ላይ ነው» የሚለው ነገር በየሰው ሒሳብ ላይ በቁጥር ሲጻፍ፣ ስብሰባ ላይ የሚነሳው ጥያቄ ይለወጣል።

አክሲዮን ቢደረግና ዋጋው በገበያ ቢወጣስ? ይህም ተሞክሯል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ሠራተኞች የኮምፔንሳቶ ፋብሪካዎችን በአክሲዮን ይዘው ነበር፤ ቀዳሚው ኦሊምፒያ ቬኒር በ1921 ተመሠረተ። ሥራው ተሳካ፤ ያጠፋውም ስኬቱ ነው። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ እየናረ ሲሄድ ተራ ሠራተኛ የሚገዛው አልሆነም። ጡረታ የሚወጣው አባል ለማን ይሽጥ? ቀስ በቀስ ባለአክሲዮኖቹ ጥቂት፣ ቅጥረኞቹ ብዙ ሆኑ፤ በ1954 ድርጅቱ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ተሸጠ። የሞንድራጎን ሒሳብ ዋጋው በገበያ እንዳይወጣ የተደረገው ለዚህ ነው፤ አዲስ አባል የሚከፍለው መዋጮ ትናንት የገባው ከከፈለው እንዳይርቅ።

የክፍያ ልዩነትም በደንብ የታሰረ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍተኛው ከዝቅተኛው ከሦስት እጥፍ አይበልጥም ነበር። በኋላ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ሌላ ቦታ በብዙ እጥፍ ስለሚከፈለው እስከ ስድስት እጥፍ ተፈቀደ። ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በጉባኤ ብዙ ተከራክረውበታል።

ወደ አስተዳደሩ ስንመጣ የበላዩ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ። ጉባኤው የሥራ አመራር ቦርድ ይመርጣል፣ ቦርዱ ሥራ አስኪያጅ ይሾማል። ከዚህ ሌላ ማኅበራዊ ምክር ቤት የሚባል አካል አለ፤ ተወካዮቹ ከየሥራ ክፍሉ ይመጣሉ። ለምን ሁለት? አባሉ ሁለት ቆብ ስላለው ነው። እንደ ባለቤት ድርጅቱ እንዲያተርፍ ይፈልጋል፤ እንደ ሠራተኛ ደግሞ የማሽኑ ፍጥነት እንዳያደቀው፣ የሌሊት ፈረቃው እንዳይበዛበት ይፈልጋል። ቦርዱ የባለቤቱን ቆብ ይወክላል፣ ምክር ቤቱ የሠራተኛውን።

ይህም ሆኖ ተሰብሯል። በ1974 ኡልጎር ከሦስት ሺህ በላይ አባላት በነበሩት ጊዜ፣ አዲስ የሥራ ደረጃ ምደባ ወጣ። ብዙ ሰው ደረጃዬ ዝቅ ተደረገ አለ፤ 400 ያህል አባላት ሥራ አቆሙ። ቦርዱ 17ቱን መሪ ናችሁ ብሎ አባረረ፣ ጠቅላላ ጉባኤውም ውሳኔውን አጸደቀ። በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነውና ዴሞክራሲያዊ ነው ማለት ይቻላል። ቁስሉ ግን ለዓመታት አልሻረም፤ የተባረሩት እንዲመለሱ በኋላ በጉባኤ እስኪወሰን ድረስ። በእኔ ግምት ስህተቱ የተፈጸመው ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ነው። የደረጃ ምደባው መመዘኛ በየክፍሉ በትንንሽ ቡድን አልተብላላም። ሦስት ሺህ ሰው ባለበት አዳራሽ እጅ ማውጣት እንጂ ማሰብ አይቻልም። ዛሬ ከጉባኤ በፊት አባላት በትንንሽ ቡድን ሆነው ሰነዱን የሚወያዩበት ልማድ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ባንኩ ባጭሩ። በ1959 ካሃ ላቦራል የተባለ የራሳቸውን የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። የአካባቢው ሰው ቁጠባ ወደ አዳዲስ ማኅበራት ይፈስ ነበር። አዲስ ማኅበር ለመክፈት የሚመጡት የሚተዋወቁና የሚተማመኑ ሰዎች ቡድን መሆን ነበረባቸው፤ አንድ የታሰበ ምርትም ይዘው። ባንኩ አማካሪ ይመድብላቸው ነበር፣ የአዋጭነት ጥናቱም ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችል ነበር። ማኅበር ሲታመም የሚያስከፍለውን ወለድ ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ሌላው ባንክ አደጋ ሲያይ ወለድ በሚጨምርበት ሰዓት። የኑሮ ዋስትናውም የመጣው ከበደል ነው። የስፔን መንግሥት «እናንተ ባለቤቶች ናችሁ» ብሎ አባላቱን ከሠራተኛ ማኅበራዊ ዋስትና ስላስወጣቸው፣ ላጉን አሮ የሚባል የራሳቸውን የጡረታና የሕክምና ተቋም ለማቋቋም ተገደዱ። ይህ ተቋም በኋላ ምን እንዳደረገ አሁን እናያለን።

ፋጎር ወደቀ። ይህን ሳይናገሩ ስለ ሞንድራጎን መናገር ትክክል አይደለም።

ፋጎር የቤት ዕቃ አምራቹ፣ ማለትም ያ የአምስቱ ልጆች ድርጅት፣ ትልልቆቹን የአውሮፓ አምራቾች ለመቋቋም ትልቅ መሆን አለብኝ ብሎ በ2005 ብራንት የተባለውን የፈረንሳይ ኩባንያ በብድር ጠቀለለ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የስፔን የቤት ግንባታ ገበያ ተሰነጠቀ። አዲስ ቤት ካልተሠራ አዲስ ማቀዝቀዣና ምድጃ የሚገዛ የለም። በ2007 ከ1.7 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የነበረው ሽያጭ በ2012 ወደ 1.2 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ዕዳው ግን አልወረደም። አባላት ክፍያቸውን ቀነሱ። ከሌሎቹ ማኅበራት የተዋጣ ብዙ ገንዘብ ገባ። ጥቅምት 2013 ግን ሌሎቹ ማኅበራት ከዚህ በላይ ብንጨምር እኛንም ይዞን ይወርዳል ብለው ቆሙ፤ ፋጎርም ከ800 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ዕዳ ይዞ ተዘጋ። በተለያዩ አገሮች 5,600 ያህል ሰዎች ይሠሩበት ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገሮች በደንብ መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ አባላቱ በሒሳባቸው የነበረውን ገንዘብ አጡ። ለሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ሒሳብ የአንድ ድርጅት ዕጣ ላይ ብቻ ከተሰቀለ፣ ሥራውም ቁጠባውም በአንድ ቀን ይሄዳል። የጡረታው ገንዘብ በሌላ ተቋም፣ በላጉን አሮ፣ መቀመጡ ነው ያዳናቸው። ሁለተኛ፣ ድርጅቱ ለተራ ቆጣቢዎች የሸጠው የብድር ሰነድ ነበር፤ ድምፅ የማይሰጥ፣ ሲከስር ደግሞ ከሌላው አበዳሪ ሁሉ በኋላ የሚከፈል። የገዙት ጎረቤቶች አምነው ነው የገዙት፤ ተጎዱ። ሦስተኛ፣ በባስክ አገር ያሉት አባላት አብዛኞቹ ወደ ሌሎች ማኅበራት ተዛወሩ ወይም ቀድመው ጡረታ ወጡ። በፈረንሳይና በፖላንድ የነበሩት ሠራተኞች ግን አባላት አልነበሩም። ድምፅ አልሰጡም፣ የሚያዛውራቸውም አልነበረም።

ታዲያ ድምፁ ለምን ስህተቱን አላቆመውም? የሚመርጠው ሰው የሚመርጥበትን ነገር ማንበብ መቻል ስላለበት ነው። የአገር ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ በአንድ ገጽ ይነበባል፤ በብዙ አገሮች የተበተነ፣ በብድር ላይ ብድር የተደራረበበት ሒሳብ ግን በጉባኤ አዳራሽ ማንም አያነበውም። እዚያ ደረጃ ሲደረስ ድምፁ በስም ይኖራል፣ ውሳኔው ግን ሰነዱን ባዘጋጀው ሰው እጅ ነው።

አሁን ወደ ሃያዎቹ ሰዎች እንመለስ። በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለውን አስቀምጧል። አዋጁ የማይጽፍላችሁን ግን በውስጠ ደንባችሁ ራሳችሁ ትጽፋላችሁ።

ከምዝገባ በፊት የመዋጮውን ልክ ቁረጡ፤ ያለ ሥራ ትእዛዝ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያስኬድ ገንዘብ መሙላት አለበት። የወር ክፍያን «ቅድሚያ ክፍያ» በሉት፤ በሞንድራጎንም ደመወዝ አይባልም፣ በዓመት መጨረሻ ከሚታወቀው ውጤት ላይ አስቀድሞ የሚወሰድ ነው። ቼክ ደብተሩና ማኅተሙ በአንድ ሰው ኪስ አይደሩ፤ ብዙ ማኅበር የሞተው ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ይዞ ስለጠፋ ነው። ሊቀመንበርና ሥራ አስኪያጅ አንድ ሰው አይሁን፤ አለበለዚያ ጉባኤው የሚጠይቀው ሰው አይኖርም። በየወሩ አንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ባንክ ያለው፣ በዱቤ የወጣው፣ የምንከፍለው ዕዳ፣ በእጅ ያለው ትእዛዝ። አራት መስመር ብቻ። ቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው መዝገብ ማንበብ ይማር፤ ለዚያ ነው ያ 10 በመቶ። የጉባኤ ሰነድ ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት ይታደል፣ አምስት አምስት ሆናችሁ አንብቡት።

ሰው ሲለቅ የሚሆነውን ደግሞ ፍቅር እያለ ጻፉት። ከሃያው አራቱ በአንድ ወር ወጥተው ገንዘባቸውን አሁኑኑ ቢሉ ድርጅቱ ማሽን ይሸጣል። በባስክ ሕግ ክፍያው እስከ 5 ዓመት ሊዘረጋ ይችላል፤ እናንተም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብላችሁ፣ ከነወለዱ፣ ልትወስኑ ትችላላችሁ። ሥራ ሲበዛ የቀን ሠራተኛ መቅጠር ይመጣል፤ ያኔ ነው ማኅበሩ ሳያውቀው አሠሪ የሚሆነው። ከአንድ ዓመት በላይ የሠራ ሰው አባል የመሆን ጥያቄ የማቅረብ መብት ይኑረው፣ መዋጮውም ከክፍያው እየተቆረጠ ይሙላ።

መንግሥት ሊያግዝ ከፈለገም የታወቀ መንገድ አለ። ጣሊያን በ1985 ባወጣችው የማርኮራ ሕግ፣ ፋብሪካቸው የሚዘጋባቸው ሠራተኞች የሥራ አጥ ድጎማቸውን በአንድ ላይ ወስደው ለመግዣ ካፒታል እንዲያደርጉት ተፈቅዷል፤ ከሕዝብ የሚመጣ ፈንድም አብሮ ገንዘብ ያስገባል። ገንዘቡም ቢሆን ሠራተኞቹ የራሳቸውን ካላስገቡ አይመጣም።

በሞንድራጎን ግን ነገሩ አልተቋጨም። በታኅሣሥ 2022 ከትልልቆቹ ማኅበራት ሁለቱ፣ ሊፍት የሚሠራው ኦሮናና ኡልማ የተባለው ቡድን፣ አባላታቸው በሰፊ ድምፅ ብልጫ ወስነው ከጥላው ወጡ። የኅብረት ሥራ ማኅበርነታቸውን አልተዉም፤ የራሳችንን መንገድ ራሳችን እንወስን ነው ያሉት። ለሌላው ኪሳራ የሚያዋጣው የጋራ ፈንድ ግን ከወጡት ትልልቆቹ አዋጪዎች የሚያገኘውን አያገኝም። ፖላንድ ወይም ሜክሲኮ ባለው ቅርንጫፍ የሚሠራው ሰውም እስከ ዛሬ ድምፅ የለውም። ለእሱ የአባልነት ሒሳብ በየትኛው አገር ሕግ፣ በምን ገንዘብ ይከፈት የሚለው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው።